ትዕግሥት የሕሙሙ ገንዘብ ነው

በሰው ሥጋ ላይ ከሚመጡት ፈተናዎች መካከል ሦስቱ እንደ ገመድ እርስ በርሳቸው የተገመዱ ናቸው፤ እነርሱም የማይለቅ ሕመም፥ ከዓይን የራቀ እንቅልፍና ሕመሙን ለማስታገሥ የተወሰደው መድኃኒት የሚያመጣው የጎንዮሽ ጉዳት ናቸው። ሕመሙ እንቅልፍን ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሥጋ ስለሚደክም ያው ሕመም በማግሥቱ በርትቶ ይሰማል፤ የታከተውም ሰው መድኃኒቱን ያለ መጠን አብዝቶ በወሰደ ጊዜ ጨጓራውን ወይም ኩላሊቱን ይጎዳል። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንዲህ ባለ ሕመም የተያዘ ክርስቲያን ማስታገሻ ቢፈልግ ትዕግሥት አጎደለ ይባላልን? ታገሥ ብሎ የሚመክረውስ ሰው ከምክሩ ሌላ ዕዳ የለበትምን?

ጥያቄው በመጻሕፍት ገጽ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአዊ ዞን፥ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው አገር፥ ብዙ ሰው በየሌሊቱ በአልጋው ላይ ሆኖ ይጠይቀዋል። ያ አገር በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ስለ ሆነ አፈሩ ቀይ ነው፥ ዝናሙም ብዙ ነው፤ ከእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ራሱ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ነገር ግን ገብሱንና ድንቹን የሚያበቅለው ይኸው አፈር በባዶ እግሩ ለሚያርሰው ገበሬ የሕመም ምንጭ ይሆንበታል። በአፈሩ ውስጥ ያሉት እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በውስጥ እግሩ ቆዳ እየገቡ የሊምፍ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቧንቧዎች ይጎዳሉ፤ ከዓመታት በኋላም እግሩ ያብጣል፥ ቆዳው ይሻክራል፥ በጣቶቹም መካከል ይሰነጣጠቃል። ሕዝባችን ይህን በሽታ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ግን በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ለይተው ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰይመውታል።

የበሽታው ምክንያት አፈሩ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ሲመረምር የኖረው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ከወላጆቻቸው በወረሱት የተፈጥሮ ጠባይ ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ ለዚህ በሽታ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የተያዙት ጎልማሶች 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበሩ በጥናት ተገምቷል። ስለዚህ በሽታው እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይሁን እንጂ እርግማን ነው እየተባለ ስንት ጋብቻ ፈርሷል፤ ስንቱስ ሰው ከማኅበሩ ጽዋ ርቆ ተቀምጧል።

ይህ በሽታ ዘወትር በአንድ ልክ አያምም። አንዳንድ ጊዜ በድንገት ይነሣል፤ ያን ጊዜ እግሩ እንደ እሳት ይቃጠላል፥ ብሽሽቱ ያብጣል፥ ብርድ ብርድ ይለዋል፥ ትኩሳቱም ይወጣል፤ ሕመምተኛውም ለቀናት ከአልጋ አይወርድም። ጻድቁ ኢዮብ በመጽሐፉ በ7ኛው ምዕራፍ ሌሊቱ ስለ ረዘመበት፥ እስኪነጋም ድረስ ስለሚገላበጥ ሰው የተናገረውን እንዲህ ያለው ሰው ያለ ተርጓሚ ያስተውለዋል። በአገው ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ እግሩ ያበጠበት ሰው ከደጁ ተቀምጦ የፈረሶቹን ኮቴ ከሩቅ ይሰማል።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ጎረቤቱ መጥቶ፥ «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፥ ታገሥ» ይለዋል። ቃሉ በራሱ መልካም ቃል ነው። ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ይህ ቃል የሚነገረው ሕሙሙን ለማጽናናት ሳይሆን ተናጋሪውን ከድካም ለማዳን ነው። ታገሥ ካልነው በኋላ ውሃ ልንቀዳለት፥ ጤና ጣቢያ ልንወስደው፥ ሌሊት ልንጠብቀው አይገባንም መስሎ ይታየናልና። ትዕግሥትን ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርባት የታመመው ሰው ራሱ ነው፤ ጤነኛው ግን የሌላውን ትዕግሥት የራሱ ምጽዋት አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም።

ስለዚህ ነገር ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። እርሱ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ጌታን እንደ ለመነና መውጊያውም ሳይወገድ ጸጋው እንዲበቃው እንደ ተነገረው በ2ኛው የቆሮንቶስ መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ ጽፏል፤ የራሱንም ሕመም በትዕግሥት ተቀበለ። ደቀ መዝሙሩ ጢሞቴዎስ ግን በጨጓራው ሕመም ዘወትር በታመመ ጊዜ፥ አንተም እንደ እኔ ታገሥ አላለውም። በ1ኛው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ውሃ ብቻ መጠጣቱን ትቶ ለሆዱ ጥቂት ወይን እንዲወስድ አዘዘው። በዚያ ዘመን ይህ መድኃኒት ነበረ፤ መጠኑም ጥቂት ተብሎ ተወሰነ። ለራሱ ትዕግሥትን፥ ለወንድሙ መድኃኒትን መረጠ ማለት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጠን ለራሳችን መድኃኒትን፥ ለወንድማችን ትዕግሥትን እንመርጣለን።

አንዳንዶች፥ ጌታችን ሊሰቅሉት በወሰዱት ጊዜ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልቀበልም ብሏልና ማስታገሻ መሻት ለክርስቲያን አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፤ ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፎታል። ነገር ግን ጌታችን ያን ጽዋ የተወው ለእኛ ቤዛ በሆነበት በራሱ ሕማም ነው እንጂ የሌላውን ሰው ሕማም ለማጽናት አይደለም። ስለ ሌላው ሰው ቁስል ሲያስተምር፥ ወድቆ በተገኘው መንገደኛ ቁስል ላይ ዘይትና ወይን ያፈሰሰውን ሳምራዊ አመስግኖ፥ እኛም እንዲሁ እንድናደርግ አዝዟል። ሌሎች ደግሞ የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ተጋድሎ ይጠቅሳሉ። እኒህ አባት በጸሎት ቆመው እግራቸው የተሰበረበትን መታሰቢያ ጥር 24 ቀን እናከብራለን። ያን ተጋድሎ ግን ጻድቁ በፈቃዳቸው ተቀበሉት እንጂ በሌላው ሰው ትከሻ ላይ አልጫኑትም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ተሰዶ በኩኩሶስ ሳለ ለኦሎምፒያስ በጻፈላት ደብዳቤዎች የጨጓራውን ሕመምና የእንቅልፉን እጦት ሳያፍር ነግሯታል፤ እርሷም በታመመች ጊዜ ልምድ ያላቸውን ሐኪሞችና መድኃኒትን እንድትጠቀም አጥብቆ መክሯታል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙንም ከምድር የሚወጣውንም መድኃኒት የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ስለሚያስተምር፥ ጸበልና መድኃኒት እንደ ሁለት ባላንጣዎች ሊቆጠሩ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ያስተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

ስለ እንቅልፍም ጥቂት እንናገር። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን እስኪለምን ድረስ በደከመ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ አልገሠጸውም። አንቀላፋ፤ መልአኩም ቀስቅሶ መገበው፤ ደግሞ አንቀላፋ፤ ዳግመኛም መገበው፤ ወደ ኮሬብም ከዚህ በኋላ ሄደ። እንቅልፍ የስንፍና ምልክት ብቻ ተደርጎ የሚቆጠር ከሆነ ይህን ታሪክ አላነበብነውም ማለት ነው። ጎልማሳ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያህል መተኛት እንደሚያስፈልገው ሐኪሞች ይመክራሉ። በፋግታ ለኮማ ከሰል የሚያከስለው ሰው እሳቱ እንዳይነድበት ሌሊቱን ክምሩን ሲጠብቅ ያድራል፤ ካህኑም በማኅሌትና በሰዓታት ቆሞ ያድራል። ጤነኛ ሰው ይህን በቀን ዕረፍት ሊያካክሰው ይሞክራል፤ ሕመም ያለበት ሰው ግን የአንድ ሌሊት ዕዳውን ለብዙ ቀን ይከፍላል። አባቶቻችን የሥጋን ድካም ስለሚያውቁ ለረጅሙ ጸሎት መቋሚያን ሠርተውልናል። በመቋሚያ ለመደገፍ የማያፍር ካህን በሐኪም ምክር ለመደገፍ ሊያፍር አይገባውም። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ግን ድጋፍ ሊሆን አይችልም፤ ለጊዜው ያስተኛና በእኩለ ሌሊት ይቀሰቅሳልና። የማታ ቡናም እንዲሁ ኃይሉ ለብዙ ሰዓት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ሕመምተኛውን ይነቃል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመለስ፥ የንስሐ አባቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች እብጠትንና ሕመምን የሚያስታግሡት በሰውነት ውስጥ አንድን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው፤ ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች በባዶ ሆድ ሲዘወተሩ ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ፥ ውሃ ባልጠጣ ሰው ላይም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሕመምተኛ ጠዋት በባዶ ሆዱ ኪኒኑን ቢውጥ ጾሙን የጠበቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በራሱ ላይ ሌላ በሽታ ይጨምራል። ፍትሐ ነገሥት የጾምን ሥርዓት በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ስለሚያሳርፍ፥ የንስሐ አባቱ ሕመምተኛው እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ ይህን ሊነግረው ይገባዋል። ብዙ ሕሙማን ለመጠየቅ ያፍራሉና።

ሌሎቹም መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የዋህ ነው፤ ነገር ግን ጎልማሳ ሰው በአንድ ቀን ከ4 ግራም፥ ማለት ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ ቢወስድ ጉበቱን ይጎዳል። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፥ ያደነዝዛል፥ ሱስም ይሆናል፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን እስከ ማሳጠር ያደርሳል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍን ይረዳል፤ ዳሩ ግን አፍ ያደርቃል፥ ሲነሡም ራስ ያዞራል፤ ስለዚህ አረጋዊ ካህን ሌሊት ለማኅሌት ሲነሣ እንዳይወድቅ ቀስ ብሎ ሊነሣ ይገባዋል። ፕሬድኒሶሎን ማታ ሲወሰድ እንቅልፍ ስለሚነሣ ብዙ ጊዜ ጠዋት ይታዘዛል፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደውም ሰው በድንገት ቢያቆመው ለከባድ አደጋ ይጋለጣል። ይህን ሁሉ የምንጽፈው መድኃኒትን ለማስፈራራት አይደለም፤ ሕመምተኛው የጾሙን ሰዓት፥ የሌሊት አገልግሎቱንና የሚጠጣውን ሁሉ ለሐኪሙ እንዲነግር፥ ከሐኪሙም ምክር ውጭ እንዳይጨምርና እንዳያቋርጥ ነው።

አሁን ወደ አገው ምድር ሕሙማን እንመለስ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 የዝሆኔ ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ በድንገት የሚነሣውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በአዊ ዞን በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳም የዝሆኔንና የሥጋ ደዌን የእግር ሕክምና ከአእምሮ ጤና ሕክምና ጋር አያይዞ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች መስጠት በቅርብ ዓመታት ተሞክሯል። የሕመም ሌሊት መንፈስንም ያጨልማልና ይህ አሠራር ማስተዋል የሞላበት ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ የዚህ ሕክምና መጀመሪያ የእግር እጥበት መሆኑን ልብ በሉ። በጸሎተ ሐሙስ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ምሥጢር በማሰብ በየአብያተ ክርስቲያናቱ የምእመናን እግር ይታጠባል። በዚያች ቀን እግሩ ያበጠበት ሰው ወዴት ይቆማል? አብዛኛውን ጊዜ እግሩን በጋቢው ሸፍኖ ከቅጽሩ ዳር ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ መታጠብ ያስፈለገው እግር ሳይታጠብ ቢውል ሥርዓቱን ፈጽመናል እንበል ይሆናል፤ ትእዛዙን ግን ገና አልፈጸምንም። ካህኑ ያን ሰው በስሙ ጠርቶ ቢያቀርበው፥ በፊቱም ዝቅ ቢል፥ ሕዝቡ ስለ እርግማን የሰማውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊተው ይችላል። በማግሥቱም ጎረቤቱ ውሃና ሳሙና ይዞ ከደጁ ቢደርስ፥ ታገሥ የሚለው ምክር ያን ጊዜ ከአፉ ያምራል።

የሕሙማንን ሌሊት የሚያውቅ አምላክ፥ ለታመሙት ዕረፍትን፥ ለጤነኞች የማይሰለች እጅን ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።