«አትውጪ» ያለ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። «ስለ መንግሥት በጀት ልትጽፊ አንቺ ማነሽ?» የምትሉኝ ካላችሁ እውነት አላችሁ። ግን በጀት ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት ደሞ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳይሆን በማዳሜ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከሐሳቤ አልወጣም። ዛሬ ለእናንተ የማካፍለው እሱን ነው።

ጊዜው መጋቢት 2020 ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ የምንኖረው በሱ ነውና።) ሊባኖስ መጋቢት 9 ቀን መክፈል የነበረባትን 1.2 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አልከፍልም ብላ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መጋቢት 15 መንግሥት ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲቀመጥ አወጀ። መጋቢት 18 ቤሩት ኤርፖርት ተዘጋ። እኔ ያኔ 21 ዓመቴ ነበር፣ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ።

አንድ ማታ ማዳምና ሚስተር ደብተር ይዘው ወጥ ቤት ተቀመጡ። እኔ ቡና አፈላለሁ። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የጄኔሬተር ክፍያ፣ የአያትየው መድኃኒት፣ ዳቦ፣ ወተት እያሉ አንድ በአንድ ጻፉ። አንዳንዱን ሰረዙ፣ አንዳንዱን ቀነሱ። መጨረሻ ላይ «ወል ቢንት?» አለ ሚስተር። ልጅቷስ? ማለቱ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ። ከኋላቸው ቆሜ ጀበናውን ይዣለሁ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም።

በማግስቱ ማዳም ነገረችኝ። ኮንትራቴ 200 ዶላር ነበር፤ ከዚህ ወር ጀምሮ በሊራ ነው፣ በ1,500 ሒሳብ፣ 300 ሺህ ሊራ አለችኝ። ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አልተቀነሰም። ሐምሌ መግቢያ ላይ ግን ዶላር በጥቁር ገበያ ከ8 ሺህ ሊራ በላይ ገባ፤ የኔ 300 ሺህ ሊራም 40 ዶላር አልሞላ አለ። ባንክ የከሰረው በኔ ጥፋት አልነበረም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉታል ይሄ ነው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔ ከብዙዎቻችሁ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ የምበላውና የምተኛበት ነበረኝ። በሰዓት እየሠሩ የሚያድሩት እህቶቻችን፣ ቡርጅ ሐሙድና ዶራ አንድ ክፍል ተከራይተው ለብዙ የሚኖሩት፣ በአንድ ቀን ሥራቸው ሁሉ ቆመ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደሞ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሻንጣቸውን አስይዘው ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ።

መንግሥት ዝም አላለም። ለድሃ ቤተሰቦች 400 ሺህ ሊራ እንዲሰጥ ወሰነ፣ በጦር ሠራዊቱ አማካይነት ይታደል ጀመር። ዝርዝሩ ውስጥ ግን እኛ የለንም። የሚገርም አልነበረም። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አድርጓታል። በሠራተኛ ዝርዝር ያልተጻፈች በተቸገረ ዝርዝር በምን በኩል ትገባለች?

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ካዝናው ሲሳሳ፣ መንግሥት ለማን ነው ዕዳ ያለበት?

የመጀመሪያው መልስ «ለዜጎቹ» የሚል ነው። ይሄን መልስ አልንቀውም። የኔም እናት ድስቱ ሲጎድል መጀመሪያ ለልጆቿ ነው የምታወጣው፤ የጎረቤት ልጅ ቤቱ ሄዶ ይብላ ብትል ማንም ክፉ ናት አይላትም። ግን ልብ በሉ፤ የጎረቤቱ ልጅ «ቤትህ ሂድ» የሚባለው በሩ ክፍት ሲሆን ነው። እናቴ በሩን ዘግታ፣ ቁልፉን ኪሷ ከትታ፣ «ምሳህን ቤትህ ብላ» ብትለው ምን ይባላል? በከፋላ ሥርዓት ያለ አሠሪያችን ፈቃድ ቤት መቀየር አንችልም። ፓስፖርታችን የማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ኤርፖርቱ ተዘግቷል። የአገራችሁ መንግሥት ያብላችሁ ለማለት በሩ ክፍት መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው መልስ «ለከፈለ» የሚል ነው። ብዙዎቻችን በስብሰባ ላይ የምንከራከረው በዚህ ነው። እኛም እንከፍላለን እንላለን። ሳሙና ስንገዛ፣ ካርድ ስንሞላ፣ ሊባኖስ ውስጥ 11 ፐርሰንት ቫት አለበት። ሳዑዲ ያሉት እህቶቻችን ደሞ ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ቫቱ ከ5 ወደ 15 ፐርሰንት ሲያድግ እንደ ማንም ሰው ከፍለዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሳዑዲ መንግሥት በበሽታው ምክንያት ሥራቸው ለቆመ የግል ድርጅት ሠራተኞች 60 ፐርሰንት ደመወዛቸውን ለሦስት ወር ልሸፍን ሲል፣ የሸፈነው ለሳዑዲ ዜጎች ብቻ ነበር። ቫት ሲሰበሰብ ተቆጠርን፣ ደመወዝ ሲከፈል ግን አልተቆጠርንም።

ክርክሩ ጥሩ ክርክር ነው፣ እኔ ግን ልቤን አያሳርፈውም። ለምን? ወረርሽኙ ከመምጣቱ ሳምንት ቀደም ብላ ከአገር የገባችው ልጅስ? ገና አንድ ሳሙና አልገዛችም። ታማ ሥራ የፈታችውስ? የከፈለ ይብላ ካልን እነሱን እኛው ራሳችን ከዝርዝሩ አወጣናቸው ማለት ነው። ደሞስ ሰው የሚቆጠረው ስለታለበ ብቻ ከሆነ፣ ወተቷ የነጠፈች ቀን ምን ትሆናለች?

ሦስተኛው መልስ እኔ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ነው። ዕዳው ያለው «አትውጪ» ለተባለችው ሁሉ ነው። ትእዛዙ ፓስፖርት አልጠየቀም። ዜጋ ይቀመጥ፣ ስደተኛ ይውጣ አላለም። በሰዓት የምትሠራው እህቴ ቤቷ የተቀመጠችው ለራሷ ጤና ብቻ አይደለም። የማታውቃቸው አሮጊት ጎረቤት እንዳይታመሙ፣ ሆስፒታሉ እንዳይጨናነቅ ብላ የቀን እንጀራዋን ትታለች። በወደደችም በግድም፣ እንጀራዋን ለሁሉ ሰው አበድራለች። ያበደረ ሰው ደሞ ሲከፈለው ምጽዋት ተቀበለ አይባልም። ስለዚህ ማህበራችን ደብዳቤ ሲጽፍ «እባካችሁ እዘኑልን» የሚለውን ቃል ብንተወው ደስ ይለኛል። ያበደርነውን ነው የምንጠይቀው።

ይሄ ሐሳብ ለመንግሥታትም እንግዳ አይደለም። ያው የሳዑዲ መንግሥት መጋቢት 30 ቀን 2020 ኮሮና የያዘው ሰው ሁሉ፣ ኢቃማ የሌለውም ጭምር፣ በነፃ ይታከም ብሎ አውጇል። በሽታው ወረቀት እንደማይጠይቅ ስለገባቸው ነው። ፖርቱጋል ደሞ በዚያው ሰሞን የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ስደተኞች ለጊዜው ፈቃድ እንዳላቸው ይቆጠሩ፣ ሕክምናና ድጋፍ ያግኙ ብላለች። በሽታ ላይ የገባቸውን ነገር ረሃብ ላይ እንዲገባቸው መጠየቅ ይቻላል።

«ካዝናው ባዶ ነበር፣ ከየት ያምጡ?» የምትለኝ ትኖራለች። ትክክል ነሽ፤ ሊባኖስ በእውነት ከስራ ነበር። ዜጎቿም ተርበዋል፤ ማዳሜ ራሷ የእጅ አምባሯን ስትሸጥ አይቻለሁ። ግን ለጥቂት ሰው ብዙ መስጠት ባይቻል፣ ለብዙ ሰው ጥቂት መስጠት ይቻላል። ደሞ ድጋፍ ሁሉ ገንዘብ አይደለም። ኢቃማ ላለፈባት መቀጮውን መተው፣ ፓስፖርቷን ማስመለስ፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ አገሯ እንድትገባ መፍቀድ ከካዝና ስንት ያወጣል? ኩዌት ሚያዝያ 2020 ወረቀት የሌላቸውን መቀጮ ሳትጠይቅ፣ ትኬታቸውን ራሷ ከፍላ፣ ወደፊት በሕጋዊ መንገድ የመመለስ መብታቸውን ሳትነካ ሸኝታለች። ስለዚህ «ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ ግማሹን ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው።

አገራችንንም ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ኢትዮጵያ ሚያዝያ 2020 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታውጅ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛ እንዳያባርር ከልክላ ነበር። ሥራው ቆሞም ለሠራተኞቹ ደመወዝ ለሚከፍል ድርጅት የአራት ወር የሥራ ግብር ተትቶለታል። ጥሩ ነገር ነው፣ እሰየው ብያለሁ። ግን የግብር ምሕረት የሚደርሰው ግብር ለሚከፈልለት ሠራተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን 1156/2011ም በሰው ቤት የምትሠራዋን ከሽፋኑ ውጪ ትቷታል። አዲስ አበባ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ኮንትራት የላት፣ መዝገብ ላይ የለች፣ «ኮሮና ታመጪብናለሽ» ተብላ ስትባረር የትኛው ዝርዝር ያውቃታል? እዚህ በእኛ ላይ ሲሆን የሚያንገበግበን ነገር እዚያም አለ።

እዚህ ላይ ልጨርስ አስቤ ነበር። ግን አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እሱን ካልጻፍኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ከገጠር የመጣች ዘመዳችን ያልሆነች ልጅ አብራት ትኖር ነበር፤ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ማታ ትማራለች። እኔ በየወሩ ለእናቴ ስልክ ለልጅቷ ትምህርት የሚሆን ጥቂት ብር ለይቼ እጨምር ነበር። ደመወዜ ወደ ሊራ የተለወጠ ወር፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የራሴን በጀት ሠራሁ። የእናቴ መድኃኒት፣ የወንድሜ ትምህርት፣ የእቁብ፣ ለራሴ የስልክ ካርድ። መጨረሻ ላይ «ልጅቷ» የሚል ነበር። ሰረዝኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም። ትምህርት ቤትም ተዘግቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ማንም አላስመዘገባትም። እናቴም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ በስልክ ወሬ መሐል «እሷማ ገጠር ተመለሰች፣ ተዳረች መሰለኝ» አለችኝ እናቴ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ያው ነው። ማዳምን የረገምኩበት ጠረጴዛ።

የስልክ ካርዴን አልሰረዝኩም ነበር፣ እህቶቼ። ልጅቷን ነው የሰረዝኩት።

ይሄን የምነግራችሁ ማዳምን ወይም መንግሥትን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ዕዳቸው ዕዳ ነው፤ የኔም የኔ ነው። ግን አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። ሰውን ከዝርዝር ለማውጣት ክፉ መሆን አያስፈልግም። ዝርዝሩ ሲጻፍ እሷ እዚያ አለመኖሯ ይበቃል። ያን ማታ ስልክ ደውዬ «ብሩ ሊቀር ነው፣ ምን ትያለሽ?» ብላት ኖሮ፣ ምናልባት ለመመዝገቢያ ብቻ የሚሆን አንድ ጊዜ ላኪልኝ ትለኝ ነበር። ይሄ ከስልክ ካርዴ ይወጣ ነበር። ማዳምም ዞር ብላ ብትጠይቀኝ፣ ግማሹን በዶላር ስጡኝ፣ የቀረውን ስትችሉ እላት ነበር። የሊባኖስ መንግሥትም ከኛ አንዲት ጠርቶ ቢጠይቅ፣ ከ400 ሺህ ሊራው በፊት ፓስፖርታችንን ትለው ነበር።

በ2024 መኸር ጦርነቱ ሲሰፋም ብዙ እህቶቻችን ከመጠለያ በር ተመልሰው ባሕር ዳር አድረዋል። እንደገና ዝርዝሩ ያለኛ ተጽፎ ነበር። ሌላ ወረርሽኝ ወይ ሌላ መከራ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ለማህበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የራሳችንን ዝርዝር ከአሁኑ እንሥራ። ማን የት ሰፈር ናት፣ ማን ሕፃን ይዛለች፣ ማን ታማለች፣ ማን ወረቀት የላትም የሚለውን በአደራ የምንይዘው መዝገብ ይኑረን፤ ለማንም ያለ ፈቃዷ የማይሰጥ። ሁለተኛ፣ እርዳታ የሚያድሉ ድርጅቶችም ሆኑ ባለሥልጣናት ሲሰበሰቡ አንዲት የቤት ሠራተኛ ትቀመጥ ብለን እንጠይቅ፤ ቡና ለማቅረብ ሳይሆን ለመናገር።

እኔ ደሞ ባለፈው መስከረም እናቴን የልጅቷን ስልክ ፈልጊልኝ ብያታለሁ። እስካሁን አልተገኘም። ሲገኝ ምን እንደምላት አላውቅም። ብር ብልክላት የማታ ትምህርቱን ጊዜ አይመልስላትም።

እናንተም ያን ዓመት በጀታችሁን ስትሠሩ መጀመሪያ የሰረዛችሁት ምን ነበር? ማንን ሳትጠይቁ? ለዝግጅት ክፍሉ ጻፉ፣ በሚቀጥለው እትም እንነጋገርበት። በሰላም ያገናኘን።