ልደቱን የሚያከብር ቤት በሩን ለማን ይከፍታል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ጾመ ነቢያት ከገባ ጀምሮ በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ሰንብቷል። ገሚሶቻችን በአዳራሻችን የገና ዛፍ ይቁም እንላለን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ዛፉ የፈረንጅ ነው፣ የአባቶቻችን ሥርዓት አይደለምና አይግባብን እንላለን። ክርክሩም አንዳንድ ጊዜ ድምፅ እስከ ማሰማት ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ ለአንደኛው ወገን ልፈርድ አልተነሣሁም፤ ነገር ግን ሌሎች ሕዝቦች ልደተ ክርስቶስን እንዴት እንደሚያከብሩ በጥቂቱ ብንመለከት፣ የምንከራከርበት ነገር ራሱ ሳይለወጥብን አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ስለ ቀኑ ብዙ አልልም። እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን እናከብራለን፤ ግብጻውያን፣ ሩስያውያንና ሰርቦችም በዚሁ ዕለት ያከብራሉ። በቤተ ልሔም ከተማ በዓሉ ሦስት ጊዜ ይከበራል፤ በፈረንጆች ዲሴምበር 25 ካቶሊካውያን፣ ጃንዋሪ 7 ግሪኮች፣ ቅብጦች፣ ሶርያውያንና የእኛ አባቶች፣ ጃንዋሪ 19 ደግሞ አርመኖች ያከብሩታል። ዳሩ ግን በየትኛውም ቀን የመጣ ሰው ጎንበስ ሳይል ወደ ልደት ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ የመግቢያው በር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ያህል ብቻ ነውና። በጥንት ሰፊ የነበረው በር እየተደፈነ የጠበበው ፈረሰኛና ጋሪ እንዳይገባበት ነው ይባላል። ዛሬ ግን ሊቁም ባለጠጋውም እኩል አጎንብሶ ይገባበታል።

የዛፉም ታሪክ አጭር ነው። ከጀርመን አገር የወጣ ልማድ ሲሆን በ16ኛው መቶ ዓመት በዚያ ይታወቅ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተስፋፋ። ከዛፉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የገና አባት የሚባለው ባለ ቀይ ካባ ሽማግሌ ነው። መነሻው በ4ኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ የሜራ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት አጥቶ ለክፉ ኑሮ ሊሰጣቸው ለተቃረበ ድሃ አባት፣ ማንም ሳያየው በሌሊት ወርቅ እንደ ወረወረለት በትውፊት ይነገራል። ሆላንዶች ሲንተርክላስ እያሉ ሲያከብሩት ኖረው፣ ስሙ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ውሎ አድሮ በሱቅ ደጃፍ ቆሞ ዕቃ የሚያሻሽጥ ሰው ሆነ። በስውር ይሰጥ የነበረውን ጳጳስ በአደባባይ ሻጭ ማድረግ እንዴት ያለ ነገር ነው!

እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ የሜክሲኮ ልማድ ነው። በቋንቋቸው ፖሳዳስ ይሉታል፤ የእንግዳ ማደሪያ ማለት ነው። በ1587 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አኮልማን በሚባል ገዳም መነኮሳት እንደ ጀመሩት ይነገራል። ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ድረስ ለዘጠኝ ሌሊት፣ እመቤታችን ጌታን በማኅፀንዋ በተሸከመችባቸው ዘጠኝ ወራት ምሳሌ፣ የመንደሩ ሰው ሻማ አብርቶ፣ የዮሴፍንና የማርያምን ምስል ይዞ ወይም ሁለት ሕፃናትን በእነርሱ አምሳል አልብሶ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። በውጭ ያሉት በዜማ ማደሪያ ይለምናሉ። በውስጥ ያሉትም በዜማ ይመልሳሉ፤ ቦታ የለንም፣ ማን እንደሆናችሁ አናውቅም፣ ሂዱልን ይላሉ። በመጨረሻ አንድ በር ይከፈታል፤ ሁሉም ይገባል፤ ጸሎት ይደረጋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሕፃናትም ይጫወታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሂዱልን ብሎ የሚያዜመው ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ጎረቤት ነው፤ በሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ እርሱ ራሱ ከሚለምኑት ጋር በውጭ ይቆማል። ወንጌላዊው ሉቃስም በሁለተኛው ምዕራፍ ለእንግዶቹ ስፍራ እንዳልተገኘላቸው ሲጽፍ፣ የከለከላቸውን ሰው ስሙን አልጠራም፣ ክፉ ነበርም አላለም። ቤቱ ሞልቶበት ይሆናል። ለሕዝብ ቆጠራ ከየአገሩ የመጣ ሰው ከተማውን አጨናንቆት ነበርና፣ ባለቤቱ ሥራ በዝቶበት፣ ዓይኑን ሳያነሣ መልሷቸው ይሆናል። እኛስ በር የምንዘጋው በጥላቻ ነው ወይስ ሥራ በዝቶብን?

ፖላንዶች ደግሞ በዋዜማው ምሽት ሥጋ ሳይበሉ ይቆያሉ፤ የመጀመሪያይቱ ኮከብ በሰማይ ስትታይ ወደ ማዕድ ይቀርባሉ። እኛ ቄጠማ እንደምንጎዘጉዝ እነርሱም የበረቱን ምሳሌ ለማሰብ ከገበታው ጨርቅ ሥር ድርቆሽ ያኖራሉ። ስስ ቂጣ እየቆረሱ አንዱ ለሌላው መልካም ምኞት ይገልጣል። በገበታው ላይም ከቤተ ሰቡ ቁጥር አንድ ሳህን ያስበልጣሉ፤ ሳይታሰብ ለሚመጣ እንግዳ ነው። አባታችን አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አልቀምስም ብሎ፣ ሰይጣን መንገደኛውን እየመለሰበት ሦስት ቀን ጾሙን እንዳደረ አባቶች የሚተርኩልንን ያስታውሰኛል። በእርግጥ በሩን ቆልፎ ሳህን የሚደረድር በዚያም አገር አይጠፋም።

እኛ ሳህን አንቆጥርም። ከአንድ መሶብ የሚበላ ሕዝብ ሰው ሲጨመርበት ጠጋ ጠጋ ይላል እንጂ ሳህን አያስፈልገውም። በላሊበላ በልደት ዕለት ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ሆነው፣ የላዮቹ በመላእክት የታቾቹ በእረኞች ምሳሌ፣ ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ማየት ብዙ ሰው ይናፍቃል። ነገር ግን ከዚያ ቀድሞ የሚሆን አለ፤ የአገሩ ሰው ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ምእመን ተቀብሎ እግሩን ያጥባል፣ ያሳድራል።

ፖሳዳስን በዓመት ዘጠኝ ሌሊት ሳይሆን በየዕለቱ የሚፈጽሙም አሉን፤ የቆሎ ተማሪዎቻችን ናቸው። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ በየደጁ ቆመው በእንተ ስማ ለማርያም ይላሉ። የማንን ስም እንደሚጠሩ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በቤተ ልሔም ስፍራ ያጣችውን እናት ስም ነው። እኛም ከውስጥ ሆነን እግዜር ይስጥህ ብለን እናሰናብታለን፤ ዜማ የለውም እንጂ የሜክሲኮዎቹ መልስ ነው።

በልደት ሌሊት ቅዳሴው ሲፈጸም ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ዶሮ ወጡ እንጣደፋለን። በቅጥሩ ሥር የተቀመጡትን የኔ ቢጤዎች ግን በጨለማው ተራምደናቸው እናልፋለን። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያም ከሩቅ አካባቢ የመጡ፣ ለመሳፈሪያ ያጡ ጓደኞቼ ጾማቸውን በሻይና በዳቦ ሲፈቱ አያለሁ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዚሁ ደብር ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ዛፉ ይቁም አይቁም የሚለውን አባቶች ይወስኑ። እኔ የማቀርበው ሌላ ነው። ለዛፉና ለመብራቱ ይዋጣ የተባለው ገንዘብ በየኔታ ዘንድ ላሉት የቆሎ ተማሪዎች ጋቢ ይግዛ። ወደ ቤተ ሰቡ የሚሄድ እያንዳንዱ አባልም እናቱንና አባቱን አስፈቅዶ አንድ ሰው፣ ተማሪም ቢሆን የኔ ቢጤም ቢሆን፣ ከቅዳሴ በኋላ ይዞ ይግባ። ቤታችን ጠባብ ነው የምትሉ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ሰው ተቀበሉ። ለዚህ የሚሆን መዝገብ በመዝሙር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እስከ ገሀድ ዕለት ድረስ ስማችሁንና ሰፈራችሁን ጻፉበት። የእንግዳውን ስም ሌሊቱን በደጀ ሰላሙ እንነግራችኋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።