ድመቲቱን ጥሎ መሄድ ይገባልን?

ከጦር ኃይሎች ሰፈር ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚዛወር ቤተሰብ፣ ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ስለ ድመቲቱ ይከራከራል። «ድመት የምትወደው ቤቱን እንጂ ሰውን አይደለም» ይባላል፤ በከፊል እውነት ነው፤ በአዲሱ ቤት ጥቂት ሳምንታት በር ካልተዘጋባት ወደ ቀድሞው ልትመለስ ትችላለች። ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ ግን ወዴት ትመለሳለች? አይጥ እንድትይዝልን ያስገባናት፣ ፍርፋሪ ያስለመድናትም እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2418) እንስሳን በከንቱ ማሠቃየት ከሰው ክብር ጋር እንደማይስማማ ያስተምራል፤ በቅድሚያ ለችግረኞች ሊውል የሚገባውን ገንዘብ በእንስሳት ላይ ማፍሰስንም ይነቅፋል። ድመትን በካርቶን ይዞ መሄድ ግን የማንንም ድኻ እንጀራ አይቀንስም። ቤቱ የሚቆም፣ አዲሱ ተከራይም ወድዶ የሚቀበላት ከሆነ፣ እዚያው ብትቀር መጣል አይባልም፤ ሳያማክሩት ትቶ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።