የተጫዋቹ ደመወዝ ምን አገባን?

በእኛ አገር ሰውን «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ ባደግኩበት ጋይንትማ የሰው ከብት ቆመህ ስትቆጥር ብትታይ እንኳ ባለቤቱ ደስ አይለውም። ስለዚህ የኳስ ተጫዋቾቻችንን ክፍያ መፈላለግ ስጀምር መጀመሪያ የያዘኝ ይኸው ነውር ነበር። የሰው ኪስ ምን አገባኝ?

እስቲ መጀመሪያ የሩቁን እንይ። የአሜሪካው ኤንቢኤ የደመወዝ ጣሪያ ያበጀው እ.ኤ.አ. በ1984-85 የውድድር ዘመን ነው፤ ያኔ ለአንድ ቡድን 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025-26 ጣሪያው ወደ 154.6 ሚሊዮን ደርሷል። ስቴፈን ከሪ ብቻውን 59.6 ሚሊዮን ያገኛል፤ ከጣሪያው ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ጣሪያው በብዙ መንገድ ስለሚታለፍ ይህ ይቻላል፤ ከተወሰነ መስመር በላይ የሄደ ቡድን ግን ቅጣት የሚመስል ግብር ይከፍላል። ይህን ሁሉ የማውቀው ስልክ ስላለኝ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ቡድን ክፍያ ተጫዋች በተጫዋች ማየት ይቻላል። ልብ በሉ፣ ቡድኖቹ የባለሀብቶች ንብረት ናቸው።

ወደ እኛ እንምጣ። ቅርጫት ኳሳችን ገና ብዙ ገንዘብ ስለማይንቀሳቀስበት ጥያቄው የሚነሳው እግር ኳሱ ላይ ነው። ከጥቂቶቹ በቀር የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በመንግሥት ድርጅት ወይም በጸጥታ ተቋም ነው። የ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመንግሥት ባንክ ክለብ ነው። የስማዳ ገበሬ ስታዲየም ገብቶ ባያውቅም የዚያ ባንክ ባለቤት ነው፤ ቢያንስ በወረቀት።

በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማነው ወሬ ግን ስለ ጣሪያው ሳይሆን ስለ ጓሮ በሩ ነው። መዝገቡ በተዘጋበት ቤት ጣሪያ ምን ይሠራል? ማን ወጥቶ ለካው?

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሃ ግብር ከገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። ጉልበት ያለው ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ የሥራው ቀን የሚታሰበው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን እየተባለ ነው። በአሠራሩ ደንብ የተጠቃሚዎቹ ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት ቀርቦ ይተቻል፣ ይለጠፋል። ድሃ መሆንህን ጎረቤትህ ሁሉ አንብቦ ያረጋግጣል።

እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ከሕዝብ ገንዘብ ጥቂት ኩንታል የሚቀበለው ሰው ስሙ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ከዚያው ከሕዝብ ገንዘብ በወር አሥር ሺዎች የሚቀበለው ግን «የግል ጉዳዩ ነው» ይባልለታል። ታዲያ ነውር የምንለው ነገር የሚጠብቀው ማንን ነው?

የሌላው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ አንድ የጉልበት ጉዳት ቤት ያስቀምጣል። ደመወዙ ከታወቀ ዘመድ ይበዛበታል፣ ምቀኛም ይነሳበታል። ምቀኝነታችንን ማን ይክዳል? «ለኳስ ለሚሯሯጥ ይሄ ሁሉ?» የሚለው አፍ የእኛው አፍ ነው። መዝገብ ሲከፈት ፍትሕ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ቅናትም አብሮ ይገባል።

ግን የሴፍቲኔቱ ዝርዝር ለምን እንደሚለጠፍ አስቡ። ድሃውን ለማዋረድ አይደለም። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ስሟ ከቀረ ሰው ተነስቶ «እሷስ?» እንዲል ነው። ዕድራችንም ሒሳቡን አባላት ፊት የሚያነበው ጸሐፊውን ለመስደብ አይደለም። የተነበበ ነገር ይጠየቃል፤ የተጠየቀ ነገር ይስተካከላል።

ለተጫዋቹም ያው ነው። ወራት ሙሉ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርቶ ፌዴሬሽን ደጅ የሚጠኑ ተጫዋቾችን ዜና ስንቴ ሰማን? ጓሮ በር የተሰጠ ቃል ሲታጠፍ ተጫዋቹ ምን ይዞ ይከሳል? ድብቁ ክፍያ ዛሬ ይጠቅመው ይሆናል፤ ነገ ግን ምስክር የለውም።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ በራሱ ገንዘብ የሚጫወት ክለብ የራሱ ጉዳይ። በሕዝብ ገንዘብ የሚጫወት ክለብ ግን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ስንት እንደከፈለና ገንዘቡን ከየት እንዳገኘው በየዓመቱ ይለጥፍ። ከዚያ ለአንዱ አጥቂ ይሄ ሁሉ ይገባዋል አይገባውም ብለን እንከራከር፤ ምናልባት ይገባዋል የምለው እኔው ራሴ እሆናለሁ። የማይገባኝ ክርክሩ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ነው። የጋይንቷን እናት ስም ለመለጠፍ ያላፈርን ሰዎች፣ የክለብ ሒሳብ ለመለጠፍ ምን ያሳፍረናል?