ሁለተኛዋና ስድስተኛዋ

ስድስት እኩል ምቶች አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ከዚያ ተመልሶ አንድ። ጎጃምም ሆነ ወሎ፣ ጎንደርም ሆነ ሸዋ ሠርግ እያየ ያደገ ሰው ቆጥሯቸው አያውቅም፤ ትከሻው ግን ያውቃቸዋል። ሙዚቀኞች ችክችካ ይሏታል። ወረቀት ላይ ቀላል ትመስላለች። ስድስትን ለሁለት ብንከፍለው ሦስት ሦስት፣ ለሦስት ብንከፍለው ሁለት ሁለት ይደርሳል፤ ሌላ ምሥጢር የላትም። ጸጋዋ ያለው ሁለቱም አከፋፈሎች በአንድ ጊዜ እውነት በመሆናቸው ላይ ነው።

ቀኝ እጅ ስድስቱን በሁለት ሰፋፊ እርምጃ ይሂዳቸው እንበል፤ አንደኛዋና አራተኛዋ ላይ ያርፋል። ግራ እጅ በሦስት ይሂዳቸው፤ አንደኛዋ፣ ሦስተኛዋና አምስተኛዋ ላይ ያርፋል። አንደኛዋ ላይ ሁለቱም እጆች አብረው ይወድቃሉ። ከዚያ በኋላ አይገናኙም፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋንና አምስተኛዋን በየተራ ይወስዳሉ። ሁለቱም የማይነኳቸው ሁለት ቦታዎች ይቀራሉ፦ ሁለተኛዋና ስድስተኛዋ። አንዷ ከመገናኘቱ ቀጥላ፣ ሌላዋ ከመገናኘቱ ቀድማ፣ ባዶ ሆነው ይቆማሉ።

እነዚህን ሁለት ባዶዎች በጥሞና ያዳመጥኳቸው ሎን ማውንቴን ግርጌ ነው። ተራራዋ በላስ ቬጋስ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሌሎቹ ተነጥላ ብቻዋን የቆመች ግራጫ የኖራ ድንጋይ ናት፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባሕር ሥር የተነባበረች። አሁን ቤቶችና ጎዳናዎች ከበዋታል፤ ባጠገቧ ባለ 215 ቁጥሩ ቀለበት መንገድ ያልፋል። ማታ ማታ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የካዚኖዎቹ መብራት ይታያል፤ ድምፃቸው ግን እዚህ አይደርስም። መኪና አቁሞ አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር ለመስማት የሚመች ቦታ ነው። ያደመጥኩት የኃይሉ መርጊያን «ላላ በሉ» ነበር።

ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን በሚጫወትበት በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ፣ ማታ የገባ ታዳሚ ሳይነጋ አይወጣም፤ ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወታሉ። «ቼ በለው» የተባለው አልበማቸው እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምት ይዞ የሚያድር እጅ ምን እንደሚማር ደጋግሜ አስባለሁ። መጀመሪያ የሚመታውን የሚማር ይመስለኛል፤ ወደ ንጋቱ ግን የሚተወውን። ዳንሱ ሲደክም፣ ጠረጴዛዎቹ ጸጥ ሲሉ፣ ሙዚቃውን ሳያቋርጡ ማቅለል የሚቻለው ምቶችን በመተው ነውና።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉ ከዚያ ወዲህ ኑሮውን በዋሽንግተን አደረገ። በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ብቻውን ሠራ፤ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱን፣ ከሥር ደግሞ ድራም ማሽን አድርጎ። ይህን ካሴት ለብቻው መስማት ያስፈልጋል። ማሽኑ አይደክምም፤ አያመነታም። አንደኛዋን እንደ ሰጠ አራተኛዋን ይሰጣል። ሁለተኛዋ ባዶ የሆነችው ማንም ምንም ስላልሞላባት ነው። ያን ባዶ የሚያሞቀው አኮርዲዮኑ ነው፤ አየር ስቦ ትንሽ ይዘገያል፣ ከማሽኑ ኋላ ጥቂት ቀርቶ ይደርሳል። ያቺን መዘግየት በወረቀት ልጻፋት ብንል የትኛው ቁጥር ላይ እንደምትወድቅ ማወቅ ያስቸግራል። ለእኔ የካሴቱ ውበት ሁሉ እዚያች ጋ ነው።

ከዚያ ታክሲ ተከተለ። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ዋሽንግተን ዱለስ ኤርፖርት ተራ እስኪደርሰው ሲጠብቅ፣ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ይህን ታሪክ ላስ ቬጋስ ላለ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። እዚህም የኛ ሰው ከታክሲ መሪ ጋር የቆየ ነው፤ በ2023 ክላርክ ካውንቲ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ አካባቢ እስከ መሰየም ያደረሰውን ማኅበረሰብ ያቆመውም፣ ከሬስቶራንቱና ከካዚኖው ሥራ ጋር፣ የነዚህ ሾፌሮች ረጅም ሌሊት ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ አለው፤ ጊዜው ግን የሱ አይደለም። ፊት ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ መንቀሳቀስ አለበት። ኪቦርድ እንዲህ ባለ ሰዓት ውስጥ ሲነካ ይታየን፦ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጉልበት ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋር ተጋፍቶ፣ ድምፁ ከመኪናው እንዳይወጣ ዝቅ ብሎ። ዜማው በማንኛውም ሰከንድ ሊቋረጥ ይችላል። እንዲህ የተለማመደ እጅ ድምፅ ላይ ድምፅ አይከምርም።

ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። «ላላ በሉ» በ2018 ሲወጣ ከሥሩ ማሽን አልነበረም፤ ሁለት አውስትራሊያውያን ነበሩ፦ ድራመሩ ቶኒ በክና ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ። በክ ከ1987 ጀምሮ ዘ ኔክስ በሚባል የሦስት ሰው ቡድን የሚጫወት ነው። ያ ቡድን አንዲት ትንሽ ሐሳብ ይዞ ሳይቸኩል ለአንድ ሰዓት ያህል በማስኬድ ይታወቃል፤ ለውጡ በጣም ከመዘግየቱ የተነሣ አድማጩ መቼ እንደ ተለወጠ አያውቅም። በክ ሠርጋችንን እያየ ያላደገ ሰው ነው። ስለዚህ ስድስቷን ምት እንዴት እንደሚይዛት ለመስማት ጆሮዬን የሰጠሁት በሥጋት ነበር፤ ከውጭ የመጣ ድራመር ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቆጠራዎች አንዱን መርጦ ይይዝና ሌላውን ጌጥ ያደርገዋል።

በክ አልመረጠም። አልበሙ የሚከፈተው አሥር ደቂቃ ገደማ በሚሆን «ትዝታ» ነው፤ አጀማመሩን እንስማው። ድራሙ ምቱን አይነግረንም፤ ምቱ እስኪገለጥ ቦታ ይለቅለታል። አኮርዲዮኑ በሦስት ቢሄድ ይቀበለዋል፤ በሁለት ቢመለስም ይቀበለዋል። ሁለተኛዋ ላይ ምንም የለም፤ ይህ ምንም ግን ከማሽኑ ምንም ይለያል። እጁ ከፍ ብሎ እንደቆየ፣ ሊያወርደው ይችል እንደነበረ፣ እንዳላወረደውም ይሰማል። የተተወና ያልነበረ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ጆሮ እንዴት እንደሚያውቅ ግን ማስረዳት ያዳግተኛል። ምናልባት የሚሰማን የሰውየው ትንፋሽ ነው። ማይኮቭስኪም አይቸኩልም፤ ቤዙ አንድ ድምፅ ይጥልና እስኪሟሟ ይጠብቀዋል።

ስድስተኛዋ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት። ሁለተኛዋ ከመገናኘት በኋላ ያለች ዕረፍት ናት፤ ስድስተኛዋ ግን አታሳርፍም፤ ወደ አንደኛዋ ትጎትታለች። እስክስታ የሚወርድ ሰው «እስ!» ብሎ ትንፋሹን ሲያወጣ ትከሻው የት ላይ እንዳለ ልብ ብለን እንይ። ብዙ ጊዜ ወደ መመለሻው ጫፍ ላይ ነው። ከበሮው ዝም ያለበትን ሰውነቱ ይናገርበታል። በቤተ ክርስቲያንም ማኅሌት ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ዜማው እየፈጠነ ሲሄድ፣ ጽናጽሉ ከፍ ብሎ ሳይወርድ የሚቆይባት ቅጽበት አለች። መቋሚያው ዘንበል ብሎ ሳይመለስ። መምህራኑ የከበሮውን ጠፍር የጌታ የግርፋቱ ሰንበር ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ያ ምልክት ያለው ዕቃ በጩኸት ብቻ አይናገርም፤ ዝምታውም የአገልግሎቱ ክፍል ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቆጠራው አልተለወጠም። ሂልተን ውስጥ እስኪነጋ የተመታው፣ ማሽን ያስኬደው፣ ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ በቀስታ የተነካው፣ ሁለት አውስትራሊያውያን የያዙት፣ ያው ስድስት ነው። የተለወጠው ባዶዎቹን የሚጠብቃቸው ሰው ነው።

በ2023 የወጣ ሌላ ቅጂ አለ፤ በ2016 ብሩክሊን ፓይኒር ወርክስ በተባለ አዳራሽ በታዳሚ ፊት የተቀዳ። እዚያ ከኃይሉ ጋር ያሉት የዋሽንግተን ጓደኞቹ፣ ቤዝ ላይ ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራም ላይ ኬኔት ጆሴፍ ናቸው። «የኔ ምርጫ»ንም በ2020 ከነሱ ጋር አውጥቷል። ሁለቱን ሦስትዮሾች አከታትሎ መስማት ይጠቅማል። የዋሽንግተኖቹ ምቱን ወደ መሬት ያወርዱታል፤ አንደኛዋ ላይ ጠንከር ይላሉ፣ ሰው ይጨፍርበታል፤ ባዶዎቹም በዚያው ልክ ይጠባሉ። የሚያስደስት ነው፤ ለሠርግ ቢሆን እነሱን እመርጣለሁ። ለብቻ ለማዳመጥ ግን የ2018ቱ ይበልጥብኛል፤ ሁለተኛዋ ምት እዚያ ላይ ሰፊ ናት፤ ሰው ገብቶ ሊቀመጥባት ይችላል።