ለሥራ ልብስ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ቁጥር በእኛ በየቡ ወጣቶች መካከል የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ለሥራ የሚሆነውን ልብስና ጫማ ርካሹን መግዛት ይሻላል ወይስ ውዱን? የሚል ነው። ዘንድሮ ግን ክርክሩ ከጨዋታ አልፎ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ገንዘብ ጋር ተያያዘ። ከአባላት መዋጮ የተጠራቀመው ገንዘብ ለለቀማ ለሚወጡ ችግረኛ ወንድሞችና እኅቶች ጫማ ይገዛበት በተባለ ጊዜ፣ ከፊሎቻችን ርካሹን የላስቲክ ጫማ ገዝተን ለሁሉም እናዳርስ አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ ጠንካራውን ቦቲ ገዝተን ለጥቂቶች እንስጥ፣ የቀሩት በሚመጣው ዓመት ያገኛሉ አልን። ሁለቱም ወገን ወንጌል ጠቀሰ። ስለዚህ ጉዳዩን ረጋ ብለን እንድንመረምረው ይህን ጽፈናል።

ነገሩን ከመሬቱ እንጀምር። የቡ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የማና ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ቡና ነው። ቡናው የሚለቀመው ከጥላ ዛፍ ሥር፣ በጤዛና በጭቃ መካከል ነው። ክረምቱ ወጣ ከተባለ በኋላም ጥቅምት ላይ ዝናብ አይጠፋም። ለቃሚው ማለዳ ሲገባ እስከ ጉልበቱ ይርሳል፤ ቀትር ላይ ጭቃው በእግሩ ላይ ይደርቃል፤ ማታም ከነጭቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጭቃው ቀይ ነው። ቀይነቱ ለቡናው በረከት ነው፤ ለባዶ እግር ግን እንዲህ አይደለም።

በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች የሚታየውን የእግር እብጠት፣ ብዙ ሰው ዝሆኔ የሚለውን በሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ በሽታ አንዱ ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጡለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ውስጥ አጥንተውታል። በሽታው የሚመጣው ከትል ወይም ከትንኝ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ሲሄዱ፣ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን መስመሮች ያስቆጣሉ፤ እግርም ያብጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታና ብዙ ዝናብ ያለው ቦታ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የእኛም አገር ሁለቱም አለው። በአገር አቀፍ ደረጃ በበሽታው የተያዙት ሰዎች 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል። በወላይታ የተደረገ ጥናት ደግሞ በሽተኛው ከሥራ ጊዜው 45 ከመቶውን እንደሚያጣ አሳይቷል። በዚህ ላይ ጎረቤት እርግማን ነው ይላል፤ የልጅቷ ጋብቻ ይፈርሳል፤ ሰውየው ከዕድር ድንኳን ጥግ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ ቀድሞ ጫማ ማድረግ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ግን ጫማ በገንዘብ ይገዛል።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ሙሴ ለእስራኤል የእግዚአብሔርን ቸርነት ሲዘረዝር፣ በአርባው ዓመት የምድረ በዳ ጉዞ ልብሳቸው እንዳላረጀ፣ እግራቸውም እንዳላበጠ ያስታውሳቸዋል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ነገር ግን እብጠት ያለበትን ሰው አጠገባችን አስቀምጠን ስናነበው ሌላ ሆኖ ይሰማል። መናው ከሰማይ መውረዱ፣ ውኃው ከዓለት መፍለቁ ከተነገረበት አፍ ያላረጀ ልብስና ያላበጠ እግርም ተነገረ። እንግዲህ የሥራ ልብስ ጥንካሬ ለመንፈሳዊ ሰው የማይገባ ትንሽ ነገር ነው የሚለው ወንድማችን ከሙሴ ጋር ይነጋገር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንዱ ቦቲ 600 ብር፣ ሌላው 1500 ብር ነው እንበል። ርካሹ የሚያገለግለው አንድ የለቀማ ወራት ብቻ ነው፤ ጣት በሚታጠፍበት በኩል ይሰነጠቃል። ውዱ ሦስት ወራት ይዘልቃል። በሦስት ዓመት የርካሹ ወጪ 1800 ብር ይሆናል፤ ውዱ 300 ብር ያተርፋል። እስከዚህ ድረስ ውዱን ግዙ የሚሉት ረቱ።

ዳሩ ግን ለቃሚው ገንዘብ የሚያገኘው ከለቀመ በኋላ ነው። ጫማው የሚያስፈልገው መስከረም ላይ፣ ብሩ የሚመጣው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። በእጁ 600 ብር ብቻ ያለው ሰው ውዱን ልግዛ ቢል 900 ብር መበደር አለበት። በአራጣ በወር 10 ከመቶ ቢበደር በአራት ወር ወለዱ ብቻ 360 ብር ይሆናል። ስለዚህ ውዱ ቦቲ 1860 ብር አወጣ ማለት ነው፤ ከርካሹ በለጠ። እንግዲህ ድኻ ርካሽ የሚገዛው ሒሳብ ስላላወቀ አይደለም፤ ሒሳቡን ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል። ብልጫው 60 ብር ነው፤ እግርስ ከ60 ብር አይበልጥምን? የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ ነገር ግን አበዳሪው የሚጠብቀው እግር ሳይሆን ቀን ነው። ለዚህ የተሻለው መንገድ አባቶቻችን ያቆዩልን ዕቁብ ነው። አሥር ሰው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢጥልና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢያደርሰው፣ ጠንካራው ጫማ ያለ ወለድ ይገዛል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጫማ ነው። ስለ ሱሪና ስለ ጃኬት ሲሆን ግን አሳባችን ይለወጣል። በቅርቡ አንዳንድ ወጣቶች ስም ያለው የውጭ አገር ጅንስ፣ ብዙ ኪስ ያለው ጃኬት ለሥራ ነው እያሉ በብዙ ሺህ ብር ሲገዙ እናያለን። ጅንስ በመጀመሪያ የእውነት የሥራ ልብስ ነበረ። በአሜሪካ አገር ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊ የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ ላይ እየተቀደደ ቢያስቸግር፣ በሚቀደድበት ቦታ የመዳብ ችንካር መታበት፤ ጨርቅ ከሚያቀርብለት ከነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋርም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ያን ጊዜ ገዢው የሚከፍለው ለችንካሩ ነበረ። ዛሬ ችንካሩ በርካሹም ሱሪ ላይ አለ፤ የዋጋው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከኋላ በተሰፋችው ምልክት ላይ ነው። ምልክት ደግሞ ከእሾህ አያድንም።

እዚሁ ከተማችን በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ ሰዎች አሉ። ወፍራም ካኪ ወስዶ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ፣ ኪሱ ላይ ድርብ ስፌት አድርጉልኝ ያላቸው ሰው ቡና ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ሱሪ ያገኛል። ሲቀደድም ሰፊው እዚያው ነውና ይጥፉለታል። ሰልባጅ ተራ የሚገኘውም ጠንካራ ቱታ እንዲሁ ነው፤ ሌላው ሰው ለብሶት ያልተቀደደ ልብስ ተፈትኗል ማለት ነው።

ውድ የከፈልነው ገንዘብ ለሰፊው ይደርሳል ብለን ኅሊናችንን እንዳናሳርፍም እውነቱን ማየት ይገባል። በአገራችን በሐዋሳ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለታወቁ የውጭ ስሞች ልብስ ይሰፋ ነበር። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው የ2019 ጥናት እንደገለጸው፣ በዚያ የጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 26 ዶላር ነበር። ስፌቱ የእኅቶቻችን፣ ስሙ የሌላ ነው። በጅማም የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋልና ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ስለ ተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ የጻፈውን ስንሰማ፣ ስለ ቡና ለቃሚውም ስለ ልብስ ሰፊዋም እንደ ተጻፈ ልንቆጥረው ይገባል።

ከመካከላችን አንዱ፣ መጥምቁ ዮሐንስ የለበሰው የግመል ጠጉር ነው፤ እናንተ ስለ ቦቲ ትከራከራላችሁ ብሎ ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን የግመል ጠጉር ጠንካራ ልብስ መሆኑ አይዘንጋ፤ ነቢዩ ለስላሳውን ተወ እንጂ የሚበጣጠሰውን አልመረጠም። ሌላው ደግሞ በባዶ እግር መሄድ ትሕትና ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገባም ጫማ እናወልቃለን አለ። እናወልቃለን፤ ሙሴም በቅዱሱ ስፍራ አውልቋል። ማውለቅ የሚችለው ግን ያደረገ ሰው ነው። ባሕታዊው ጫማን የተወው በፈቃዱ ነው፤ ከእናቱ ጋር ለቀማ የሚወጣው የስምንት ዓመት ልጅ ግን ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለምንለብሰው እንዳንጨነቅ ማስተማሩም እውነት ነው። ሆኖም ሶሉ ዛሬ ይገነጠል ይሆን እያለ በየማለዳው ጫማውን ከሚገላብጥ ሰው ይልቅ የሚጨነቅ ማን ነው?

ወጪው የማን ነው? የሚለውም መነሣት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። በኪሎ እየተከፈለው በቃል ተስማምቶ የሚለቅመው ሰው ግን ይህን ማን ይነግርለታል? ከመካከላችን የቡና ማሳ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች አሉ። ለአባቶቻቸው በአክብሮት ቢያነሡት አንድ ጉባኤ ከማድረግ ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ መዋጮው እንመለስ። ርካሹን ለሁሉም እናዳርስ ያሉት ወገኖች ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል የተነገረውን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ያለውን ጠቅሰዋል። ቃሉ ከሁለቱ አንዱን እንድንሰጥ ያዛል እንጂ ለራሳችን የማንለብሰውን እየመረጥን እንድንሰጥ አያዝም። የተሰነጠቀ ቦቲ ጭቃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ቀኑን ሙሉ በእግር ላይ ይይዛል፤ ለድኻ ይበቃዋል ብሎ እንዲህ ያለውን መስጠት በሚልክያስ መጽሐፍ የተነቀፈውን ነውር ያለበትን መሥዋዕት ይመስላል። ጠንካራውን ለጥቂቶች ያሉትም ቢሆኑ ያልመለሱት ነገር አለ። ዓመቱን በባዶ እግር የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እነርሱ ራሳቸው እንደማይሆኑ ግን የታወቀ ነው።

በእኛ አስተያየት ሁሉም አንድ ዓይነት ይሰጠው ማለት አያስፈልግም። የልጅ እግር በየዓመቱ ያድጋልና ለልጅ 1500 ብር የሚያወጣ ቦቲ መግዛት ብክነት ነው። ለልጆች በመካከለኛ ዋጋ በየዓመቱ ይገዛ፤ ሳይቀደድ የጠበበው ለታናሽ ይተላለፍ። ለአዋቂዎች ጠንካራው ይገዛ፤ አቅም ያለው በዕቁቡ ግማሹን ይክፈል፣ ግማሹን መዋጮው ይሸፍን፤ ምንም የሌለው በሙሉ ይሰጠው። በቤተሰቡ ውስጥ እግሩ ያበጠ ዘመድ ያለው ሰው ይቀድም ዘንድ እንጠይቃለን፤ የተጋላጭነቱ ጠባይ በዘር እንደሚወረስ በጥናት ታውቋልና። ይህ ሲደረግ ማንም ስለ በሽታው በአደባባይ እንዳይጠየቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከገንዘቡም ላይ ለሳሙናና ለካልሲ ይቀነስ፤ በላብ የረጠበ እግር በቦቲ ውስጥ ታፍኖ ሲውል ሌላ ቁስል ያመጣል።

አንድ ነገር ግን ገና አልተስማማንበትም። ለለቀማ ከሩቅ አገር መጥተው በየጓሮው የሚያድሩት ሰዎች የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት አይደሉም፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሃይማኖታቸው ከእኛ የተለየ ነው። መዋጮው የአባላት ነው የሚሉ አሉ። ከእኛ አብዛኞቹ ግን እግሩ በዚሁ ቀይ ጭቃ ውስጥ የገባ ሁሉ ይጻፍ ብለዋል። የጫማ ቁጥር የሚመዘገብበት ደብተር በጸሐፊው እጅ ይገኛል፤ እስከ መስቀል በዓል ድረስም ክፍት ነው።