ምስክርነቱን የሸሸገ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 5 ቁጥር 1 ያየ ወይም ያወቀ ሰው የመሐላውን ቃል ሰምቶ ሳይናገር ቢቀር ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። በዳኛ ፊት ያየህ ተናገር ተብሎ ዝም ያለውን ነው፤ ይህ ግልጥ ነው።

አንድም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉቦ ሲበላ፣ ጨረታ ለወዳጅ ሲታደል እያየ ዝም ያለውን ነው። ምነው፣ ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን ሸፍነው ተመርቀው የለምን ቢሉ፤ የኖኅ ዕርቃን ከማንም ጉሮሮ እህል አልነጠቀም። ጌታም በማቴዎስ 18 አስቀድመህ ለብቻው ምከረው ያለው ወንድምህ አንተን ሲበድል ነው፤ ያም ቢሆን እንቢ ካለ ለቤተ ክርስቲያን በመንገር ይፈጸማል። ይቅር ማለት ለተበደለ ነው። የጤና ጣቢያው መድኃኒት በጓሮ ሲሸጥ የተበደለችው ልጇን አዝላ መጥታ አልቋል የተባለችው እናት ናት፤ በእርሷ ፈንታ ይቅር ባይ ማን አደረገህ? "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት በደጀ ሰላም ሲደገም ስሰማ ልቤ ይቈስላል።

ታሪክ፤ መርዶክዮስ በንጉሥ አርጤክስስ በር ተቀምጦ ሳለ ሁለት ደጅ ጠባቂዎች በንጉሡ ላይ ሲዶልቱ ዐወቀ። አብረውት ከደጅ የሚውሉ ናቸው፤ አልሸሸጋቸውም። ለአስቴር ነገራት፣ እርሷም በስሙ ለንጉሡ ነገረች፣ ተመረመረ፣ እውነት ሆኖ ተገኘ፣ በመዝገብ ተጻፈ። ተመረመረ መባሉን ልብ በሉ፤ ሐሜተኛ ምርመራ አይወድም። ዋጋውስ ቢሉ፤ ከዚህ በኋላ ከፍ ያለው ሐማ ነው፤ ሕዝብ ለማስጨረስ ወደ ግምጃ ቤት 10,000 መክሊት ብር አገባለሁ ያለው። አስቴር የነገሠችው በ7ኛው፣ ሐማ ዕጣ ያስጣለው በ12ኛው ዓመተ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ እንቅልፍ አጥቶ መዝገቡን እስኪያስነብብ ድረስ መርዶክዮስን ያስታወሰው የለም። ጠቁሞ ከቦታው የተነሣ፣ ዕድገት የተከለከለ ወንድም ሁሉ ይህን ያንብብ፤ እግዚአብሔር ረሳኝ አይበል።

በስሙ ለመናገር የሚፈራውስ ቢሉ፤ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የጠቋሚን ማንነት መሸሸግ ይፈቅዳል። ኒቆዲሞስም በሌሊት መጣ፤ ጌታ አልነቀፈውም። ጆሮ ጠቢ የሚለው ስምም በደርግ ዘመን የጎረቤቱን ልጅ አሳልፎ ለሰጠ ይሁን እንጂ የድሀውን መድኃኒት ላስጣለ አይሁን።

አንድም፤ ለንስሐ አባቱ ብቻ ነግሮ ያረፈውን ነው፤ ካህኑ ኑዛዜ አያወጣምና።

አንድም፤ በልቶ የራሱን የሸሸገውን ነው። ዘኬዎስ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ አሥራቱን አውጥቼ ልረፍ አላለም።

አንድም፤ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ነው። ፊርማው ምስክርነቱ ነውና ያልገባውን ዕቃ ገብቷል ብሎ በዕቃ ገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ላይ የፈረመ በሐሰት መስክሯል፤ መጉደሉን እያወቀ ሙሉ ነው ብሎ የተረከበም እንዲሁ።